ጎጃምን የሚቆፍረው ማነው?

አርኪዮሎጂ ሲባል ብዙ ሰው ቶሎ ትዝ የሚለው አፋር ነው። ሐዳር፣ ሉሲ፣ 1974 እ.ኤ.አ.። ከዚያ ካለፈ አክሱም። ጎጃምን የሚያነሣ የለም። እኛ ራሳችንም አናነሣውም። የእኛ ታሪክ ያለው ብራና ላይ ነው እየተባልን ነው ያደግነው፤ ዲማ፣ ደብረ ወርቅ፣ መርጡለ ማርያም፣ የጣና ገዳማት። ይሄ እውነት ነው። ግን ብራናው በብዛት የሚነግረን ስለ ነገሥታት፣ ስለ ቅዱሳንና ስለ ጦርነት ነው። የዛሬ 800 ዓመት አንዲት የጎጃም እናት ምን እህል ፈጭታ ጋገረች፣ በምን ሸክላ አበሰለች፣ ጎጆዋ ስንት ምሰሶ ነበረው ብላችሁ ብትጠይቁት አይመልስም። ያንን የሚያውቀው አፈሩ ነው።

አፈሩ ደግሞ እየተቆፈረ ነው። የሚቆፍረው ግን አርኪዮሎጂስት አይደለም።

የመንገድ ሥራ ዶዘር ይቆፍራል። ለአዲስ ቤተ ክርስቲያን መሠረት የሚያወጣ ምእመን ይቆፍራል። ካባ ላይ ድንጋይ የሚያወጡ ወጣቶች ይቆፍራሉ። ገበሬው የመስኖ ቦይ ይቀድዳል፣ ከተሜው ሽንት ቤት ያስቆፍራል። ከዚህ ሁሉ ሌላ በሌሊት ወርቅ ፍለጋ አካፋ ይዞ የሚወጣ ሰው አለ። በየዓመቱ ከሚገለበጠው አፈር ውስጥ በተመራማሪ እጅ፣ በመለኪያና በመዝገብ የሚወጣው እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። በተለይ ካለፉት ጥቂት ዓመታት ወዲህ፣ ክልሉ ግጭት ውስጥ ስለቆየ፣ የጥናት ቡድን ገብቶ ወራት እየቆየ የሚሠራበት ሁኔታ የለም። ግንባታው ግን ሙሉ በሙሉ አልቆመም። ስለዚህ የጎጃም የጥንት ቅሪት እጣ ፈንታ ያለው በፕሮፌሰሮች እጅ ሳይሆን፣ መጀመሪያ ባየው ሰው እጅ ነው። እሱም ኤክስካቫተር ነጂው ነው፣ ሰበካ ጉባኤው ነው፣ ገበሬው ነው። ይሄ ሰው ምን ማድረግ እንዳለበት ማንም ነግሮት አያውቅም። ይህን ለመጻፍ የተነሣሁትም ለዚህ ነው።

መጀመሪያ አንድ ነገር እናጥራ። ከመሬት የሚወጣ ዕቃ ዋጋው በራሱ በዕቃው ብቻ አይደለም። የነበረበት ቦታ ነው ግማሹ ዋጋ፤ ኧረ ከግማሽም በላይ ነው። ምን ያህል ጥልቀት ላይ ነበር? ከላዩ ምን ነበር? ከጎኑስ አመድ ነበር፣ ከሰል ነበር፣ ወለል ነበር? ይህ ሳይመዘገብ የወጣ ማሰሮ የሚያምር ማሰሮ ነው፣ በቃ። ጥራዙ ተፈትቶ ቅጠሉ የተበተነ ብራና አስቡ፤ ፊደሉ አለ፣ ቀለሙ አለ፣ የትኛው ገጽ ከየትኛው እንደሚቀድም ግን ማንም አያውቅም። ልዩነቱ፣ ብራናን ሊቅ ተቀምጦ ሊያስተካክለው ይችላል። የተገለበጠ አፈር ተመልሶ አይደረደርም።

ለዚህ ነው ትክክለኛ ቁፋሮ ያንን ያህል ቀርፋፋ የሆነው። ቦታው በገመድ በካሬ ይከፋፈላል። አፈሩ በማንኪያ በሚመስል መሣሪያ በስሱ እየተፋቀ ይወርዳል፣ ቀለሙ ወይም ልስላሴው ሲቀየር ሥራው ይቆማል፣ ይለካል፣ ፎቶ ይነሣል፣ ይሣላል። የወጣው አፈር በወንፊት ይነፋል። አንዳንዱ አፈር ደግሞ ውሃ ውስጥ ይጨመራል፤ ከስሎ የቀረ ፍሬ ቀላል ስለሆነ ይንሳፈፋል፣ በስስ ጨርቅ ይለቀማል። አንድ የጤፍ ፍሬ ርዝመቷ 1 ሚሊሜትር ገደማ ነው። በዶማ የሚቆፍር ሰው በምን ተአምር ያያታል? የጤፍ አገር ነን እያልን ጤፍ እዚህ መሬት ላይ መቼ መዘራት እንደ ጀመረ ማወቅ የምንችለው ግን እንደዚህ ባለ ሥራ ብቻ ነው።

እዚህ ላይ ከጎረቤት አንድ ምሳሌ ላንሣ። በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ጆአን ዶምብሮቭስኪ የምትባል ተመራማሪ ከጣና በስተምሥራቅ፣ በጌምድር ውስጥ ሁለት ዋሻዎች ቆፍራ ነበር። አንደኛው ላሊበላ ዋሻ ይባላል፤ ከላስታው ላሊበላ ጋር አይገናኝም። እዚያ ገብስና ሽምብራ ተገኘ፣ ዕድሜውም ወደ 2,500 ዓመት ገደማ። አስቡት፣ ወርቅ አይደለም፣ ሐውልት አይደለም። የከሰለ ገብስና ሽምብራ ነው። ግን ስለ ደጋው ኢትዮጵያ ግብርና ታሪክ የሚጽፍ ሰው ሁሉ እስከ ዛሬ ያንን ዋሻ ሳይጠቅስ አያልፍም፣ ምክንያቱም በዚህ አካባቢ በወጉ ተቆፍሮ በወጉ የተመዘገበ ነገር በጣም ጥቂት ነው።

ሌላው ከመተማ በኩል ነው። በሽንፋ ወንዝ ዳር የተቆፈረ አንድ ሰፈር ውጤቱ በመጋቢት 2024 እ.ኤ.አ. ኔቸር የሚባለው የሳይንስ መጽሔት ላይ ወጣ። ቡድኑን የመራው የቴክሳስ ዩኒቨርሲቲው ጆን ካፔልማን ነው። ከ74,000 ዓመት በፊት ኢንዶኔዥያ ውስጥ ቶባ የሚባለው እሳተ ገሞራ ሲፈነዳ ወደ ሰማይ የወጣው ብናኝ እዚህ ድረስ መጥቶ አርፏል፤ በዓይን የማይታይ የመስታወት ፍንካች ሆኖ አፈሩ ውስጥ ተገኘ። ከዚያ ብናኝ በታችና በላይ ያለውን ሲያነጻጽሩ፣ አየሩ በደረቀበት ጊዜ ሰዎቹ ዓሣ በብዛት መብላት እንደ ጀመሩ ታየ። ወንዙ ሲቀንስ ዓሣው ኩሬ ውስጥ ይቀራል፣ መያዙም ይቀላል። ትናንሽ ሹል ድንጋዮችም ተገኝተዋል፤ ተመራማሪዎቹ የቀስት ጫፍ ሳይሆኑ አይቀሩም ይላሉ። ይህን ሁሉ ያናገረው በዓይን የማይታየው ብናኝ ያረፈበት መስመር ነው። አንድ ዶዘር ቀድሞ አልፎበት ቢሆን ኖሮ ድንጋዩም ዓሣውም ብናኙም ነበሩ፣ ታሪኩ ግን አይኖርም ነበር።

ጣናም ራሱ በጥንት ጊዜ ደርቆ ያውቃል። ከሐይቁ ሥር የወጣ ደለል ላይ የተደረገ ጥናት እንዳሳየው ወደ 17,000 ዓመት ገደማ በፊት ሐይቁ ተሟጥጦ ነበር፣ ኋላ ነው ተመልሶ የሞላው። በዚያ ጊዜ በዙሪያው የነበረው ሰው ወዴት ሄደ? ውሃው ሲመለስስ ማን ተመልሶ መጣ? መልሱ ባሕር ዳር፣ ዘጌ፣ ሜጫ፣ አቸፈር መሬት ውስጥ ሊኖር ይችላል። ባሕር ዳር ደግሞ በየቀኑ እየሰፋች ያለች ከተማ ናት።

ጎጃም ላይ ይህ ሥራ ከሌላው ቦታ ይከብዳል። ምክንያቱ የሕዝቡ ቸልተኝነት ብቻ አይደለም። አዊና ምዕራብ ጎጃም ያለ ገበሬ አፈሩ አሲዳማ እንደሆነ ያውቃል፤ ለዚያም ነው ማሳው ላይ ኖራ የሚበትነው። ያ አሲድ አጥንትንም ይበላል። አፋር ላይ ሚሊዮን ዓመት የቆየ አጥንት ሲወጣ፣ እኛ ጋ የጥቂት መቶ ዓመት አጥንት እንኳ ዱቄት ሆኖ ሊገኝ ይችላል። ዝናቡ ብዙ ነው። ቤታችን ከጥንት ጀምሮ እንጨትና ጭቃ ነው፣ ሲፈርስ የሚቀረው የምሰሶ ጉድጓድ፣ የምድጃ አመድና ገል ብቻ ነው። ከጎንደር መመሥረት በፊት ቤተ መንግሥቱም ቢሆን በድንኳን የሚዘዋወር ነበር። ማሳው ለዘመናት ታርሷል፤ ላዩ ያለው አፈር ተደበላልቋል። ስለዚህ እኛ ጋ የጥንት ቅሪት ማለት ብዙውን ጊዜ አፈር ውስጥ ያለ የቀለም ለውጥ ነው። ክብ ጥቁር ነጠብጣብ፤ ድሮ ምሰሶ የቆመበት። የሚያውቅ ሰው ካላየው ማንም አያየውም።

አሁን ወደ ወርቁ ልምጣ፤ ብዙ ጥፋት ያለው እዚያ ነውና።

የድሮ ግንብ ፍርስራሽ ባለበት ሁሉ አንድ ወሬ አለ። ፖርቱጋሎች ቀብረውት የሄዱት ወርቅ አለ፣ ጣሊያን ካርታ አለው፣ እገሌ ማሽን አምጥቶ ጮኸለት። በዚህ ወሬ ምክንያት ስንት ግድግዳ ሥሩ እየተቦረቦረ ተናደ። እውነታው ግን ይሄ ነው። ኢየሱሳውያኑ፣ ማለትም የካቶሊክ ሚሲዮናውያኑ፣ በሱስንዮስ ዘመን ጎጃም ውስጥ ነበሩ፤ የንጉሡ ወንድም ራስ ሥዕለ ክርስቶስ ጎጃምን ሲገዛ አስጠግቷቸዋል። ሱስንዮስ በ1632 እ.ኤ.አ. ሥልጣኑን ለፋሲል ከለቀቀ በኋላ ተባረሩ። የሠሯቸውን ሕንፃዎች አንድ የስፔን ቡድን ከኢትዮጵያውያን ጋር ለዓመታት አጥንቷል፤ ጎንደር አጠገብ አዘዞ ላይ ቆፍሯል፣ ውጤቱም በ2017 እ.ኤ.አ. በመጽሐፍ ወጥቷል። የተገኘው ግድግዳ ነው፣ የውሃ ገንዳ ነው፣ ገል ነው፣ መቃብር ነው። ለአንድ ሕንፃ ታሪክ ይህ ትልቅ ሀብት ነው። ለወርቅ ፈላጊ ግን ምንም አይደለም። በሌሊት የሚቆፍረው ሰው የሚያጠፋው በትክክል እሱ የማይፈልገውን፣ እኛ ግን የምንፈልገውን ነገር ነው።

አንዳንዴ ብር በእርግጥ ይወጣል። ገበሬ ሲያርስ በማሰሮ ያለ ጠገራ ብር ቢያገኝ አይገርምም፣ ድሮ ባንኩ መሬት ነበር። ብሩ ላይ 1780 ተጽፏል። ታዲያ ማሰሮው በ1780 ተቀበረ ማለት ነው? አይደለም። ምስሏ ብሩ ላይ ያለው የኦስትሪያዋ ገዢ ማርያ ቴሬዛ የሞተችው በዚያ ዓመት ነው፤ ከዚያ በኋላ የታተመው ብር ሁሉ፣ በ20ኛው ክፍለ ዘመን የታተመው ሳይቀር፣ ያንኑ 1780ን ይዞ ነው የወጣው። ስለዚህ ብሩ ብቻውን ስለ ጊዜው አይነግራችሁም። አጠገቡ የነበረው ሌላ ነገር ነው የሚነግራችሁ። ብሩ ተቆጥሮ ተወስዶ ማሰሮው ተሰብሮ ሲጣል ያ ሌላ ነገር አብሮ ይጠፋል።

ይህ የጊዜ ጉዳይ ደስ የሚል ነገር ስላለው ትንሽ ልቆይበት። በርበሬ የመጣው ከአሜሪካ አህጉር ነው፣ በቆሎም እንደዚሁ። ኮሎምበስ በ1492 እ.ኤ.አ. ባሕር ከመሻገሩ በፊት ጎጃም ውስጥ የበርበሬ ፍሬ ሊኖር አይችልም። ስለዚህ አንድ የድሮ ምድጃ ውስጥ አንዲት የከሰለች የበርበሬ ፍሬ ብትገኝ ምድጃው ከዚያ ወዲህ ነው። ከሰሉ የባሕር ዛፍ ከሆነ ደግሞ የበለጠ ይቀርባል፤ ባሕር ዛፍ አገራችን የገባው በምኒልክ ዘመን፣ 19ኛው ክፍለ ዘመን ሊያልቅ ሲል ነው። የወይራ ወይም የጽድ ከሰል ከሆነ ላቦራቶሪ ይላካል። እዚያ የሚለካው ካርቦን 14 የሚባለው ነገር ነው፤ ሕይወት ያለው ነገር ከሞተ ጀምሮ በየ5,730 ዓመቱ በግማሽ ይቀንሳል፣ እስከ 50,000 ዓመት ገደማ ድረስ ይሠራል። ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል። ጽድ ለብዙ መቶ ዓመት ሊኖር የሚችል ዛፍ ነው፤ የቤተ ክርስቲያን አግዳሚ ሆኖ ደግሞ ሌላ መቶ ዓመታት ይቆያል። ያ እንጨት ሲቃጠል ከሰሉ የሚነግራችሁ ዛፉ ያደገበትን ጊዜ እንጂ ቃጠሎው የደረሰበትን ቀን አይደለም። ስለዚህ ተመራማሪው ከከሰሉ ይልቅ የአንድ ዓመት ዕድሜ ያላትን የገብስ ፍሬ ይመርጣል። ይህን ሁሉ ለማድረግ ፍሬዋ ከየትኛው ንብርብር እንደወጣች ማወቅ አለበት። አሁንም ወደዚያው ወደ ቦታው ተመለስን።

መርጡለ ማርያምን እንውሰድ። እነብሴ ሳር ምድር ያለው የግንብ ፍርስራሽ በኢትዮጵያ ካሉት የድንጋይ ቅርጻ ቅርጾች ውስጥ ከምርጦቹ ነው፤ ይህን ስል የአገር ልጅነት ይዞኝ አይደለም፣ ሄዶ ያየ ያውቀዋል። ንግሥት እሌኒ በ16ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ እንዳሠራችው ይታወቃል። በግራኝ ጦርነት ተቃጠለ። በሱስንዮስ ዘመን ኢየሱሳውያኑ እንደገና ሠሩበት። ቻርልስ ቢክ የሚባል እንግሊዛዊ በ1840ዎቹ እ.ኤ.አ. መጥቶ አይቶት ገለጻ አሳትሟል። ከዚህ ሁሉ በፊት ደግሞ የቤተ ክርስቲያናችን ትውፊት አለ፤ ከአክሱም ጽዮን፣ ከጣና ቂርቆስና ከተድባበ ማርያም ጋር በኦሪቱ ዘመን መሥዋዕት ይቀርብባቸው ከነበሩት አራት ቦታዎች አንዱ ነው ይላል።

የትኛው ድንጋይ የእሌኒ ነው፣ የትኛው የኢየሱሳውያኑ ነው? ላዩን አይቶ መገመት ይቻላል፤ ሊቃውንትም ገምተዋል። እርግጡን ግን የሚያሳየው ወለሉ ነው። ቃጠሎ የደረሰበት ሕንፃ ላይ እንደገና ከተሠራ፣ አመዱ በሁለቱ ወለሎች መካከል ይቀራል። ከአመዱ በታች ያለው ከቃጠሎው በፊት ነው፣ ከላይ ያለው በኋላ። ከታችኛው ወለልስ ሥር ምን አለ? ትውፊቱን አክብሮ መጠየቅ ይቻላል። ትውፊትን በቁፋሮ እናጋልጣለን የሚል ሰው አልወድም፤ እውነት አይደለማ፣ ቆፍሮ የሚገኝ ነገር ሁሉ ትውፊትን የሚቃረን አይደለም። አክሱም ላይ በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. ገበሬዎች ያገኙት የንጉሥ ኢዛና የድንጋይ ጽሑፍ የማንን ታሪክ አቀለለ? የማንንም።

አስቸጋሪው ነገር ሌላ ነው። የድሮ ቦታዎቻችን አብዛኞቹ ዛሬም ቅዳሴ የሚቀደስባቸው ቤተ ክርስቲያኖች ናቸው። ግቢው መካነ መቃብር ነው። ካህናቱ "የአባቶቻችንን አፅም አናስነካም" ሲሉ ከልባቸው ነው፣ ደግሞም መብታቸው ነው። ግን እዚያው ግቢ ውስጥ የድሮው ጎጆ ቤተ ክርስቲያን ፈርሶ በሲሚንቶ ትልቅ ሕንፃ ሲሠራ፣ መሠረቱ ሁለትና ሦስት ሜትር ይወርዳል፣ አፅሙም ይወጣል፣ በአንድ ቀን ተሰብስቦ በአንድ ጉድጓድ ይቀበራል። አፅሙ ተነካ ማለት ነው። የተነካው ደግሞ ማን እንደሆነ፣ ወደየት ዞሮ እንደተቀበረ፣ አንገቱ ላይ ምን ዓይነት ዶቃ ወይም መስቀል እንደነበረ ማንም ሳይጽፍ ነው። ከተነካ አይቀር በክብር ቢመዘገብና በጸሎት ተመልሶ ቢቀበር ምን ይጎዳል? ጥናትና ዳግም ቀብር አይጣሉም። በዓለም ላይ ብዙ ቦታ እንደዚያ ነው የሚሠራው።

ሕጉስ ምን ይላል? ስለ ቅርስ ጥናትና አጠባበቅ የወጣ አዋጅ ቁጥር 209/1992 አለ። ያለ ቅርስ ባለሥልጣኑ የጽሑፍ ፈቃድ ቅርስ ፍለጋ መቆፈር ክልክል ነው። በማዕድን ፍለጋ፣ በግንባታ፣ በመንገድ ሥራ ወይም በሌላ አጋጣሚ ቅርስ ያገኘ ሰው ወዲያው ማሳወቅ አለበት፣ እስኪረከቡት ድረስም እንዳለ መጠበቅ አለበት። ብዙ ሰው የማያውቀው ክፍል ደግሞ አለ፤ ባለሥልጣኑ በስድስት ወር ውስጥ ምንም ካላደረገ ሰውየው ለክልሉ በጽሑፍ አሳውቆ ከኃላፊነት ነጻ ሊሆን ይችላል፣ ያገኘውን ላስረከበ ሰውም ተገቢው ሽልማት እንዲሰጠው ይላል። ሽልማት እንዳለ የሰማ ገበሬ ስንት ነው? የሚሰማው ሌላ ነው፤ "መንግሥት ከሰማ መሬትህን ይወስዳል"። ታዲያ ገበሬው ለምን ይናገራል? ዝም ብሎ ይመልሰዋል፣ ወይም ድንጋዩን ለአጥር ያደርገዋል። እኔ አልፈርድበትም። ተቋራጩም እንደዚያው ነው፤ ማሽን በሰዓት የሚከራይ ሰው ሥራ አቁሞ ደብዳቤ የሚጠብቅበት ምክንያት የለውም፣ የሚቆምበት ጊዜ በውሉ ውስጥ ካልተጻፈለት በስተቀር። ስድስት ወር ጠብቅ ማለት ለአንድ የመንገድ ሥራ አትንገረን ማለት ነው። ለእኔ ትልቁ የሕጉ ድካም ይሄ ነው። የሚያስፈልገው በሦስትና በአራት ቀን ውስጥ ደርሶ ለክቶ፣ ፎቶ አንሥቶ "ቀጥሉ" ወይም "እዚህች ጋ ትንሽ ዙሩ" የሚል የሠለጠነ ሰው ነው፤ እሱም ከአዲስ አበባ ሳይሆን ከደብረ ማርቆስ፣ ከእንጅባራ ወይም ከባሕር ዳር የሚነሣ መሆን አለበት። ሦስቱም ከተሞች ዩኒቨርሲቲ አላቸው።

የአካባቢውን ሰው የሰማ ደግሞ ያተርፋል። ትግራይ ውስጥ የሃ አካባቢ በ2019 እ.ኤ.አ. ይፋ የሆነው የቤተ ሰማዕቲ ግኝት፣ ባዚሊካው፣ የወርቁ ቀለበት፣ የአክሱም ዘመን ከተማው ሁሉ፣ የተጀመረው ነዋሪዎቹ ጉብታውን ትልቅ ቦታ ነው ብለው ለተመራማሪዎቹ ስለጠቆሙ ነው። እኛ ጋም እንደዚያ የሚጠቁሙ ሽማግሌዎች አሉ። "እዚህ ጋ ሲታረስ ገል ይወጣል"፣ "ይሄ ተራራ ሥሩ ካብ አለው" የሚሉ።

አንድ ነገር ብታገኙ እንዲህ አድርጉ። አታውጡት። መጀመሪያ እዚያው እንዳለ በስልካችሁ ፎቶ አንሡት፤ አጠገቡ እስክሪብቶ ወይም ዱላ አስቀምጡ፣ መጠኑ እንዲታወቅ። ከሩቅም አንሡ፣ ዛፉ ወይም ቤቱ እንዲታይ። ከመሬቱ ላይ ስንት ክንድ እንደሚወርድ ለኩ። አታጥቡት፣ ገሉ ላይ የተጣበቀው ጥቁር ነገር የምግብ ቅሪት ሊሆን ይችላል፣ ይመረመራል። ከሰል ካለ በእጃችሁ አትንኩት። በላስቲክ ሸፍኑት፣ አፈር መልሱበት፣ ለወረዳው ባህልና ቱሪዝም በጽሑፍ አሳውቁ፣ ቅጂውን ያዙ። የደብዳቤው ቅጂ ዋስትናችሁ ነው። ፌስቡክ ላይ ቦታውን አትለጥፉ፣ በማግሥቱ ወርቅ ፈላጊው ይደርሳል።

ለሰበካ ጉባኤዎች ደግሞ የተለየ ጥያቄ አለኝ። ክረምቱ ሲወጣ መሠረት ልትጥሉ ካሰባችሁ፣ ፕላኑ ከማለቁ በፊት አንድ ባለሙያ ግቢውን ይየው። በፈቃድ ሁለትና ሦስት የሙከራ ጉድጓድ፣ እያንዳንዱ አንድ ሜትር በአንድ ሜትር፣ በአንድና በሁለት ሳምንት ይጠናቀቃል፤ ሕንፃው የት ቢያርፍ የድሮውን እንደማይነካ ያሳያል። ለብዙ ዓመት ገንዘብ ሲሰበሰብለት ለቆየ ሕንፃ ሁለት ሳምንት ብዙ አይደለም። ፈቃዱን እንዲጠይቅላችሁ ለዞኑ ጽሕፈት ቤት የሚላከውን ደብዳቤ ደግሞ እናንተው ራሳችሁ መጻፍ ትችላላችሁ።